ቃለ ጉባኤ ቁጥር ዐሥራ አራት

ሐምሌ ነው፤ ቡሬ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣
የማዘጋጃው አዳራሽ በእርጥብ ካፖርት ሲሞላ።
እኔ ጸሐፊዋ ነኝ፤ ሥራዬ ነው መጻፍ፣
ቃል እንደ ምስር መልቀም ከየሰዉ አፍ።

"አጀንዳ ሦስት" ይላል፣ በእጄ የጻፍኩት፣
"ባለቤት አልባ ውሾችን ስለ ማስወገድ"፤ ሲያነቡት
ማንም ቀና አላለም። ቃሉ ለስላሳ ነው፤
"ማስወገድ" ሲባል ጥርስ የለው፣ ደም የለው።

አምና ግን አይቻለሁ የቃሉን ትርጓሜ፤
ሌሊት ሥጋ ተበትኖ፣ ንጋት ላይ ቆሜ፣
ከገበያው ጀምሮ እስከ መናኸሪያው ድረስ
አርባ አንድ ቆጠርኩ፤ ያንዱ እግር ገና ሲላወስ።
አሞራ ከዚያ በላ፣ አሞራውም ወደቀ፤
የዘበኛው የአስረስ ውሻ ከአጥሩ አልራቀ፣
ግን እሱም ቀምሶ ነበር። ስሙ ሆድ ይፍጀው ነው፤
ለጎረቤት ሽሙጥ አስረስ ያወጣው፤
ሆዱን ፈጀው።

የዚያን ዕለት በሪፖርት "ዘመቻው ተሳካ"
ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ፣ ፊደሌ ሳይነካካ።

የጽዳቱ ኃላፊ ልየው እጁን አወጣ፤
"ዘንድሮም ያው ነው" አለ፣ "መርዙ በጊዜ ይምጣ፤
ወጪው አነስተኛ ነው፣ አንድ ሌሊት ይበቃል፤
ከተማ በእንግዳ ፊት ውሻ ይዞ ያፍራል።"

አንሙት፣ የከብት ሐኪሙ፣ ተነሣ፣ ተንተባተበ፤
"ከመቶው ሰባው ከተከተበ
በሽታው መንገድ ያጣል" አለ፤ "በሞተው ውሻ ቦታ
ያልተከተበ ይገባል፣ ከገጠር፣ በማግስቱ ማታ።"
አንዱ ስልኩን ነካካ። አንዱ አዛጋ። ሰብሳቢው
"ይመዝገብ" አለ፤ ቀጥሉ ማለቱ ነው።

ያኔ ከኋላ ወንበር የዝና ብድግ አለች፤
ከመጋቢት ጀምሮ ጥቁር ለብሳለች።
ልጇን የነጠቃት ውሻ ነው። ልየው ፊቱ በራ፤
"እስኪ እናት ትናገር፣ ያየችውን መከራ።"

"ውሻውን ገደላችሁት፤ ለእኔ ምን ተረፈኝ?
ጤና ጣቢያ ሮጥኩ፤ መርፌ የለም አሉኝ።
ማርቆስ ሂጂ አሉኝ፤ ማርቆስም አልቆበት፤
ብር ለምኜ ባሕር ዳር ስደርስ፣ በሃያኛው ዕለት፣
ልጄ ውሃ ፈራ።
ለመርዙ ግን መኪና ነበረ፤ ነዳጅ ነበረ፤ ሁሉም ሠራ።
ውሻውም ታሞ ነው። አንዲት መርፌ ብትኖር ሁለት ነፍስ ባተረፈች"
ብላ፣ ሌላ ሳትጨምር፣ ነጠላዋን ስባ ቁጭ አለች።

ዝናቡ ብቻ ተናገረ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፤
"እንግዲህ... እንደ ቀድሞው" አለ፤ ማንም አልተለየ።
እጆች ወጡ። የአንሙትም ጭምር፣ ግማሽ እጅ፣
ልክ እስከ ትከሻው ድረስ። ሰው ነው፤ አለው ልጅ።

ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ ስገለብጥ፣
እስክሪብቶዬ "ማስወገድ" ላይ ሲደርስ አለ ቀጥ።
አምስት ፊደል ነው እሱ፤ "መከተብ" አራት ነው፤
ከዚያው መስመር ላይ ቢተኛ ማን ነው የሚያየው?
ጻፍኩት።
"በጀት፦ ለበዓሉ ባነር ከተያዘው" ብዬ ጨመርኩበት።

ሰኞ በየቢሮው ዞርኩ። ልየው በስልክ እያወራ
ፈረመ። ሌላው ሻይ በያዘበት እጁ፣ ሦስተኛው በግራ።
ማኅተሙ ወረደ፣ ክብ፣ ሰማያዊ፤
እንዲህ ነው ወንጀሌ የሆነው ሕጋዊ።

አንሙት ደብዳቤውን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤
ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ሰበሰበ።

ሐምሌ አላለቀም ገና። አንገቱ ላይ ቀይ ክር
ያሰረ ውሻ አለፈ፣ ሊለምን፣ ከሥጋ ቤት በር።
ከማዘጋጃው አጥር ሥር ግን ያ ሽማግሌ ፈረስ
ቆሟል፤ ባጃጅ ሲገባ ከጋሪ ተፈትቶ፣ ቁስሉ ዝናብ ሲለብስ።
አንድም ሰው አልነከሰ፤ ስለዚህ ማንም አላነሣው፤
የነዳው ጌታው እንኳ ሲያልፍ ዞር ይላል፣ እንደማያውቀው።
ለመጪው ሐሙስ አጀንዳ፣ ተራ ቁጥር አራት፣
ባዶ መስመር ትቻለሁ፤ ቃል ስፈልግ አደርኩ ትናንት።